ነህምያና የቤተ መቅደሱ አሥራት

ነህምያ በሱሳ ከተማ የፋርስ ንጉሥ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር። የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን፣ በሮቿም በእሳት መቃጠላቸውን በሰማ ጊዜ አለቀሰ፤ ጾመ፤ ጸለየም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ445 ዓመት በንጉሡ ፈቃድ ወደ ይሁዳ ወርዶ ቅጥሩን በ52 ቀን አስጨረሰ።

ገዥ ሆኖ በቆየባቸው 12 ዓመታት ለሹመቱ የሚገባውን ቀለብ አልተቀበለም። ከእርሱ በፊት የነበሩት ገዥዎች ከሕዝቡ እህልና ወይን፣ በዚያም ላይ 40 ሰቅል ብር ይወስዱ ነበር። እርሱ ግን በየቀኑ አንድ በሬና ስድስት በጎች እያሳረደ 150 አይሁድንና ሹማምንትን በማዕዱ ያበላ ነበር።

በዘመኑ ሕዝቡ የምድሩን ፍሬ አሥራት ለሌዋውያን፣ ሌዋውያንም የአሥራቱን አሥራት ለቤተ መቅደስ ለመስጠት በጽሑፍ ቃል ገቡ። ሌዋውያን እንደ ሌሎቹ ነገዶች የርስት ድርሻ አልነበራቸውምና አሥራቱ እንጀራቸው ነበር። ነህምያ ወደ ንጉሡ ተመልሶ ሳለ ግን ቃሉ ተረሳ። ካህኑ ኤልያሴብ የአሥራቱን ዕቃ ቤት ለአሞናዊው ለጦብያ ለቀቀለት፤ ሌዋውያንና መዘምራንም ድርሻቸው ስለ ቀረባቸው አገልግሎታቸውን ትተው ወደ እርሻ ተበተኑ።

ነህምያ እንደ ገና ሲመጣ የጦብያን ዕቃ ወደ ውጭ ጣለ፤ ክፍሉንም አስነጻ። አገልጋዮቹን ሰብስቦ በየስፍራቸው አቆመ፤ በእህሉ፣ በወይኑና በዘይቱ ላይም የታመኑ መጋቢዎችን ሾመ።

ነህምያ ሌላው እንዲሰጥ ከማሳሰቡ በፊት የራሱን መብት ተወ፤ የተሰጠውም ለባለ ድርሻው እንዲደርስ ተቆጣጠረ። እኛም ስለ አሥራት ስናስተምር እነዚህን ሁለቱን አንለያያቸው።