ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ

ምእመናን ዛሬ ግንቦት 21 ቀን የእመቤታችንን የደብረ ምጥማቅ በዓል በምስጋና ሲያከብሩ፣ ይህን ስም በሀገራችን ምድር የተከሉትን ንጉሥ ማስታወስ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል። በግብፅ የነበረችው የደብረ ምጥማቅ ቤተ ክርስቲያን መፍረሷን ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የሰሙት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በኀዘን ብቻ አልቀሩም፤ በተጉለት ቤተ ክርስቲያን አሳንጸው በዚያው ስም ሰየሟት። በዚህችም ደብር በ1450 (ዓመታቱን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሰጥተናል) ታላቅ ጉባኤ ተደረገ።

ዘርዐ ያዕቆብ የዐፄ ዳዊት ልጅ ናቸው። በ1434 ነግሠው በ1436 በአክሱም ጽዮን ሥርዐተ ንግሣቸው ተፈጸመ። መጻሕፍትን የሚወዱ፣ ራሳቸውም መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ ድርሳናትን ያበረከቱ፣ የእመቤታችን በዓላት በሥርዐት እንዲከበሩ ያዘዙ ንጉሥ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከአባቶቻቸው ከዙፋኑ ጋር አንድ ከባድ ነገር ተረከቡ፤ እርሱም የቤተ ክርስቲያን መለያየት ነው።

የመለያየቱ ምክንያት ሰንበት ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር መከበር አለባት ብለው በማስተማራቸው ተቃውሞ ደረሰባቸው፤ ሀገራቸውንም ትተው በ1352 በአርመን ምድር ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን ትምህርቱን አልተዉም። ከግብፅ ከሚመጡት ጳጳሳት ጋር ስለማይስማሙም ከእነርሱ ክህነት ሳይቀበሉ ኖሩ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ በመቅደስ የምናገለግል ሁሉ እንረዳዋለን፤ ገዳሙ በመነኮሳት ተሞልቶ ሳለ የሚቀድስ ካህን እየመነመነ ይሄዳል። በ1400 በዐፄ ዳዊት ዘመን በተደረገው ጉባኤ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ ሐሳባቸውን አልለውጥም በማለታቸው ታሰሩ። ንጉሡ በ1404 አስፈትተዋቸው ወገኖቻቸው ቀዳሚትን እንዲያከብሩ ቢፈቅዱም፣ ፈቃድ አንድነት አይደለምና ሁለቱ ወገኖች እንደ ተለያዩ ቀሩ።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የኤዎስጣቴዎስን ልጆች ሐሳብ ደግፈው ሳለ ወዲያው አዋጅ አላስነገሩም። በ1438 ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት፣ አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል፣ ጉዳዩን እስኪቀበሉት ድረስ ዓመታት አልፈዋል። በመጨረሻ በደብረ ምጥማቅ ጳጳሳቱ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስም ልጆች ከእነዚሁ ጳጳሳት እጅ ክህነትን ለመቀበል እሺ አሉ። የጉባኤው ብልሃት ያለው በዚህ ነው እንላለን። አንዱ ወገን የቆየ ሥልጣኑን ሳያጣ ትምህርቱን አሻሻለ፤ ሌላውም ትምህርቱን ሳይጥል ለሥልጣን ታዘዘ። በዚያ ቀን የተወሰነው ያለፈውን ጠብ ከማብረድ ይልቅ የሚመጣውን የሚመለከት ነበር፤ የሚሾመው ዲያቆንና ቄስ ከአንድ እጅ እንዲቀበልና ሕዝቡ ቅዳሜና እሑድን አብሮ እንዲያከብር ነውና። ሁለቱ ሰንበታት በቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ ይከበራሉ።

ሆኖም የንጉሡን ገድል ስንጽፍ ሌላውን ገጽ መዝጋት አንችልም። እኒሁ ንጉሥ በአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ላይ ያሳዩት እንዲህ ያለ ትዕግሥት አልነበረም። መነኮሳቱ ለንጉሥ፣ ለመስቀልና ለእመቤታችን ሥዕል አንሰግድም በማለታቸው ብርቱ ቅጣት ወርዶባቸዋል፤ በቤተ መንግሥትም የገዛ ቤተሰባቸው ሳይቀር ከቁጣቸው አላመለጠም። ለአንዱ ማኅበር ዓመታት የጠበቁ ሰው ለሌላው ለምን አልጠበቁም ብለን ብንጠይቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ብዙ ገዳማትና ብዙ ሕዝብ እንደ ነበራቸው እናስታውሳለን። መልሱ ከዚህ የራቀ አይመስለንም።

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1468 በደብረ ብርሃን ዐረፉ። የእስጢፋኖሳውያን ማኅበር ግን አልጠፋም፤ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም ተጠልሎ በውበታቸው የታወቁ የብራና መጻሕፍትን ጽፎ አቆይቶልናል።