ሃሮልድ ጊሊስ፦ አፍንጫ ሠርቶ መጠበቅን የተማረው ሐኪም

የአፍንጫ ኦፕራሲዮን አሁን አሁን የቲክቶክ ወሬ ሆኗል። ኢስታንቡል ደርሰው አፍንጫቸው ላይ ፕላስተር ለጥፈው የሚመለሱ ልጆችን እያየን ነው። ፕላስተሩ ሲነሳ ቪዲዮ ይቀረጻል። በሁለተኛው ወር ደግሞ ለቅሶው ይጀመራል፦ አፍንጫዬ አብጧል፣ ጫፉ ደንዝዟል፣ እንደተነገረኝ አልሆነም። እኛ አገር ሰልካካ አፍንጫ እንደ ርስት ነው የሚቆጠረው፤ ስለዚህ ጭንቀቱ ይገባናል። ዛሬ የምናወራው ግን ይህንን ጉዳይ ከመቶ ዓመት በፊት በብዙ ሰው ፊት ላይ ስለተማረው ሐኪም ነው።

ሃሮልድ ጊሊስ እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዚላንድ ደኒዲን ከተማ ተወለደ። ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነው። ልጅ እያለ በደረጃ መደገፊያ ላይ ሲንሸራተት ወድቆ ክርኑ ተሰበረ፤ ክንዱ ዕድሜ ልኩን እንደ ልቡ አልታዘዘውም። ያም ሆኖ ካምብሪጅ ሲማር ለዩኒቨርሲቲው ጀልባ ቀዝፏል፣ በጎልፍም ስም ነበረው። ለንደን ላይ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሆነ። ጦርነት ባይመጣ ኖሮ የባለ ገንዘቦችን ጉሮሮ እያየ በሰላም ያረጅ ነበር።

በ1915 ከቀይ መስቀል ጋር ፈረንሳይ ሄደ። ያኔ ወታደሩ የሚዋጋው ምሽግ ውስጥ ሆኖ ነው፤ ቀና ሲል የሚመታው ፊቱ ነው። ጊሊስ እዚያ የተሰባበረ መንጋጋ የሚጠግን አንድ የጥርስ ሐኪም አየ፣ ፓሪስም ሄዶ ሞሬስታ የሚባለውን ታዋቂ ቀዳጅ ሐኪም ሥራ ተመለከተ። ከዚያ እንግሊዝ ተመልሶ ጦሩን ለምኖ በ1916 ኦልደርሾት ላይ የፊት ቁስለኞች ክፍል አስከፈተ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የሶም ውጊያ ሲጀመር ሁለት መቶ ያህል ቁስለኛ ሲጠብቁ ሁለት ሺህ ያህል መጣባቸው። ቦታው ስላልበቃ በ1917 ሲድካፕ ላይ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን ሆስፒታል ተከፈተ። እሱና ባልደረቦቹ እዚያ ከ5,000 በላይ ሰው ላይ ከ11,000 በላይ ኦፕራሲዮን ሠርተዋል።

ዋርዶቹ ውስጥ መስታወት አይሰቀልም ነበር። ከሆስፒታሉ ወደ ከተማው በሚወስደው መንገድ ያሉ አግዳሚ ወንበሮች ሰማያዊ ተቀቡ፤ እዚያ የሚቀመጠው ሰው ፊቱ የተጎዳ ስለሆነ መንገደኛው እንዳይደነግጥ አስቀድሞ እንዲያውቅ ነው። በሰሞኑ ጦርነት እኛም ዋግ ላይ ፊቱን የተመታ ሰው ምን እንደሚገጥመው አይተናል፤ ከአስከተማ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ አዲስ አበባ ሲሉ መክረም ነው።

ወደ አፍንጫው እንመለስ። ከግንባር ቆዳ ወስዶ አፍንጫ መሥራት የሕንዶች ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ የለንደን ሰው በ1794 በመጽሔት ላይ አንብቦታል። የአውሮፓ ሐኪሞችም ሞክረውታል። ችግሩ አፍንጫው በተሠራ ሰሞን ያምራል፣ ወራት ሲያልፉ ግን እየተኮማተረ ይሟሽሻል። ጊሊስ ምክንያቱን አጥብቆ ያዘ። አፍንጫ እንደ ጎጆ ቤት ነው፦ ክዳን አለው፣ ምሰሶ አለው፣ ከውስጥ ደግሞ ልስን አለው። ክዳኑ ቆዳው ነው፤ ምሰሶው አጥንቱና ለስላሳው አጥንት ነው፤ ልስኑ የውስጡ ስስ ሽፋን ነው። ሰዎቹ ክዳኑን ብቻ ሠርተው ልስኑን ይረሱታል። ያልተሸፈነው የውስጥ ቁስል ሲድን ይሰበሰባል፣ ሲሰበሰብም ክዳኑን ይዞት ይወርዳል። ስለዚህ ጊሊስ መጀመሪያ ውስጡን፣ ከዚያ ምሰሶውን፣ መጨረሻ ላይ ቆዳውን ማሰብ እንዳለበት ደመደመ።

አንድ መቶ አለቃ በ1917 አፍንጫው ተመትቶ መጣ። ጊሊስ ከጎድኑ ለስላሳ አጥንት ወስዶ፣ ግንባሩ ቆዳ ሥር ቀብሮ ካቆየው በኋላ ቆዳውን ከነአጥንቱ አውርዶ አፍንጫ ሠራለት። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። አብጦ ሦስት እጥፍ ሆነ፣ ጉንዳን የሚበላውን ባለ ረጅም አፍንጫ አውሬ መሰለ። ባልደረቦቹ ሳቁ፣ እሱም ተስፋ ሊቆርጥ ደርሶ ነበር። እብጠቱ ግን ቀስ በቀስ ጎደለ። ትንሽ ማስተካከያ ተጨምሮበት አፍንጫው ጥሩ አፍንጫ ሆነ፤ መቶ አለቃው ሆስፒታሉን በ1920 ሲለቅ ከጊሊስ ምርጥ ሥራዎች አንዱ ተብሎ ነው።

ትዕግሥቱ ግን በነፃ አልመጣም። ፊቱ በሙሉ የተቃጠለ አንድ አብራሪ ነበር። ጊሊስ ከደረቱ ትልቅ ቆዳ አንስቶ ፊቱን በአንድ ጊዜ ሊሸፍንለት ሞከረ። ቆዳው መረቀዘ፣ ሰውየው በ1918 ሞተ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ሥራን ከፋፍሎ፣ በየመሐሉ ሰውነቱ እስኪያገግም እየጠበቀ መሥራት ልማዱ ሆነ። ነገ ቢሠራ የሚሻለውን ዛሬ አለመንካት የሙያው ዋና ሕግ ነበር። ተማሪዎቹም ይህንን ከእሱ ወረሱ።

ይህ ዛሬ ለመልክ ብለው ለሚሠሩትም ይሠራል። ዓይን ሥር ያለው ጥቁረትና ዋናው እብጠት በሳምንታት ይቀንሳል (አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል የተባለው ለካ እውነት ነው)። የቀረው እብጠት በተለይ ጫፉ ላይ አንድ ዓመት ገደማ ይቆያል፣ ቆዳው ወፈር ላለ ሰው ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ ሐኪሞች ለድጋሚ ማስተካከያ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ጠብቁ ይላሉ። ትኩሳት፣ መግል ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመምና መቅላት ከመጣ ግን ይሄ የመጠበቅ ጉዳይ አይደለም፣ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ነው መሄድ።

ከጦርነቱ በኋላ ጊሊስ ለመልክም ይሠራ ጀመር። ባልደረቦቹ አጉረመረሙበት፤ እሱ ግን ሰው በመልኩ ሲሸማቀቅ መርዳት የሚያሳፍር አልመሰለውም። በ1930 ሰር ተባለ። የሙያ ልምዱን በ1957 ከአሜሪካዊ ተማሪው ጋር በሁለት ቅጽ ሲያሳትም የተበላሹበትን ሥራዎችም አልደበቀም። በነሐሴ 1960 የአንዲት ወጣት እግር ላይ ኦፕራሲዮን እየሠራ ሳለ የአንጎል ደም ሥሩ ተዘጋ፤ በመስከረም፣ በ78 ዓመቱ ሞተ።

ሥራው ግን እኛም ጋ የሚደርስ ክር አለው። በቂጥኝ ውስጡ ተበልቶ የሰመጠ አፍንጫን ከውስጥ በስስ ቆዳ ለስኖ ማንሳትን የጻፈው በ1923 ነው። የሥጋ ደዌም አፍንጫን የሚያሰምጠው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ሐኪሞች ዘዴውን ሕንድ አገር ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተጠቀሙበት። በዚያ ሥራ ስመ ጥር የሆነው ፖል ብራንድ፣ በ1965 አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ አለርት ሲመሠረት ሐሳቡን ካቀዱት አንዱ ነበር። በዚህ ዘዴ የተነሳው አፍንጫ ከውስጥ ደጋፊ ይገባለታል። ደጋፊው ቶሎ ከወጣ ልስኑ ይኮማተርና አፍንጫው ተመልሶ ይሰምጣል።