ኮንራድ ዙሰና ቁጥር ያልሆነው ቁጥር

ኮንራድ ዙሰ እ.ኤ.አ. በ1910 ዓ.ም. በበርሊን ተወለደ። በዚያው ከተማ ሲቪል ምህንድስና ተምሮ በ1935 ከተመረቀ በኋላ በአንድ የአውሮፕላን ፋብሪካ ተቀጠረ። ነገር ግን አንድ ዓይነት ስሌት እየደጋገመ መዋል ስላስመረረው ሥራውን ትቶ በወላጆቹ ቤት ውስጥ የሒሳብ መኪና ይሠራ ጀመር።

ከሥራዎቹ ሁሉ የምትጠቀሰው በ1941 ለእይታ የቀረበችው ዜድ 3 ናት። ቁጥርን በ22 የሁለትዮሽ አኃዞች ትይዝ ነበር፤ 1 ለምልክት፣ 7 ለኤክስፖነንት፣ 14 ለቁጥሩ አካል። ይኸውም ዛሬ ተንሳፋፊ ነጥብ የምንለው አጻጻፍ ነው። ዙሰ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የአካሉ መጀመሪያ አኃዝ ዘወትር 1 ነው ተብሎ ሳይጻፍ እንዲታለፍ አደረገ። ብልሃቱ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ መጀመሪያው ዘወትር 1 የሆነ ቁጥር ከቶ ዜሮ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ከኤክስፖነንቱ ጫፎች ታችኛውን ለዜሮ፣ ላይኛውን ለወሰን የለሽ ለይቶ ሰጠ። መኪናይቱም የመጡላትን ቁጥሮች ወገን ትመረምር ነበር፤ ዜሮ ለዜሮ ሲካፈል ቆማ መብራት ታበራለች እንጂ የሐሰት መልስ አትሰጥም።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። በሞላሌም ሆነ በሌላው የመንዝ ደብር ባሕረ ሐሳብ የሚቆጥር ሊቅ፣ ወንበሩ አልቦ በሆነበት ዓመት አበቅቴውን አልቦ ብሎ መጥቅዑን 30 ያደርጋል። ባዶው የራሱ ስምና የራሱ ሥርዐት አለው።

ዜድ 3 በ1943 በቦምብ ድብደባ ወደመች። ዙሰ ተከታይዋን ዜድ 4ን ወደ ባቫሪያ አሽሽቶ አዳነ፤ በ1950ም ለዙሪክ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ አከራያት። በ1995 ዐረፈ።

የሙያው ዓለም ግን ቁጥርን በየወገኑ የሚለይ የጋራ ደረጃ ያገኘው በ1985 ነው። ሲ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም በ1999 ደረጃው ኤፍፒክላሲፋይ የተባለውን መመርመሪያ ጨመረ። እርሱም እያንዳንዱን ቁጥር መደበኛ፣ ከመደበኛ ያነሰ፣ ዜሮ፣ ወሰን የለሽ ወይም ቁጥር ያልሆነ ብሎ ይለያል። የመጨረሻው ከራሱ ጋር እንኳ እኩል አይደለም። የምሰሶው ጭነት ከወሰኑ በልጧል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጭነቱ ቁጥር ያልሆነ ሆኖ ሳለ መልሱ አልበለጠም ነው፤ ፕሮግራሙም ምሰሶውን ደህና ነው ብሎ ያሳልፋል። እዚህ ላይ ዙሰ ይበልጣል ለማለት እደፍራለሁ፤ የእርሱ መኪና ሳትጠየቅ ትቆም ነበር፣ የዛሬዎቹ ግን ፕሮግራመሩ መርምሩ ካላላቸው በአብዛኛው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ።

የዙሰ ኩባንያ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዳግመኛ የሠራት ዜድ 3 በሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ተቀምጣለች።