ወደብ የነበረን ጊዜ፦ የአድሚራል እስክንድር ደስታ ሕይወት

ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ምፅዋን ፈልጉ። ዛሬ የኤርትራ ወደብ ናት። ከሃምሳ ዓመት በፊት ግን የኢትዮጵያ የጦር መርከቦች የሚቆሙት እዛ ነበር። የባሕር ኃይሉ ምክትል አዛዥ ደግሞ የጃንሆይ የልጅ ልጅ፣ ሪር አድሚራል ልዑል እስክንድር ደስታ ነበሩ።

የተወለዱት በ1926 ዓ.ም. ነው። እናታቸው ልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ፣ አባታቸው ራስ ደስታ ዳምጠው። ጣልያን ሲወርረን ራስ ደስታ የደቡብ ግንባርን ጦር መሩ። ጃንሆይ ከተሰደዱ በኋላም እጃቸውን አልሰጡም። የካቲት 1929 ላይ ፋሽስቶች ጉራጌ ምድር ውስጥ ያዟቸውና ረሸኗቸው። እስክንድር ያኔ ሦስት ዓመት እንኳን አልሞላቸውም፤ ከእናታቸው ጋር ስደት ላይ ነበሩ።

አድገው እንግሊዝ አገር ተማሩ። በ1945 ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል ኢትዮጵያ ባሕር አገኘች፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ባሕር ኃይሏን አቋቋመች። የበላይ አዛዡ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ስለሆኑ፣ ምክትል መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አርባ ዓመት ሳይሞላ እዚህ ወንበር ላይ ለመድረስ የልጅ ልጅ መሆን ሳይረዳ አይቀርም። ሥራው ግን የምር ሥራ ነበር። በ1954 ከአሜሪካ የመጣችው «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ወደ 95 ሜትር ትረዝማለች፤ ወጣት መኮንኖች የሚሠለጥኑባት እሷ ነበረች። የባሕር ኃይል ቀን ሲከበር የአሜሪካም የሶቪየትም የጦር መርከቦች ምፅዋ ላይ ይሰለፉ ነበር። ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን!

ከዛ 1966 መጣ። ወታደሩ በየቦታው ሲያምፅ የምፅዋ መርከበኞችም በአለቆቻቸው ላይ ተነሱ። ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ፣ ቤተሰቡ ታሰረ።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ደርግ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ባለሥልጣናትን ገደለ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተወልድና እንዳልካቸው መኮንን አሉበት፤ አድሚራል እስክንድርም አሉበት። ፍርድ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ማንም ቆሞ ይህን አጥፍተሃል ብሎ ማስረጃ አላቀረበም፣ እሳቸውም መልስ የሚሰጡበት ዕድል አላገኙም። አርባ ዓመታቸው ነበር።

እኔን ሁሌ የሚከብደኝ የእናትየው ነገር ነው። ልዕልት ተናኘወርቅ የመጀመሪያ ባለቤታቸውን የገደለባቸው ፋሽስት ነው፤ ወራሪ ነው፣ ይገባል። ልጃቸውን የገደለው ግን የአገራቸው ወታደር ነው፤ ያውም እሳቸው ራሳቸው እስር ላይ እያሉ። ከሴት ልጆቻቸው ጋር የተፈቱት በ1980 ነው፤ ከ14 ዓመት ገደማ በኋላ።

መርከቧም ብዙ አልቆየችም። ግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፣ ኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በቀጣዩ ዓመት የእነዚያ የስድሳዎቹ አፅም ከተጣለበት ጉድጓድ ወጥቶ አራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር አረፈ። እናትየው ያኔ በሕይወት ነበሩ።