ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምሥጢር

በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ ገበያ የባህል መድኃኒት በሚሸጥበት ሥፍራ ኮሶና እንዶድ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ኮሶ ለሆድ ትል፣ እንዶድ ለሸማ ማጠቢያ እንደሚያገለግል ሻጩም ገዢውም ከአባት ከእናቱ የተማረው ነው። ከዚህ የሕዝብ ዕውቀት ተነሥተው የእንዶድን ሌላ ኃይል ለዓለም ሳይንስ ያስታወቁት ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ከተመለሱ በኋላ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ የቢልሃርዚያን ተሐዋሲ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ያጠኑ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ሌላው አይቶ የሚያልፈውን ነገር እርሳቸው የምርምር ጥያቄ አደረጉት።

የመርዙ አሠራር በኋላ ተገለጠ። በፍሬው ውስጥ ሳፖኒን የሚባለው ንጥረ ነገር ያለ ኃይል ተቀምጦ ይገኛል። ፍሬው ተወቅጦ በውኃ ሲዘፈዘፍ ግን የራሱ ኤንዛይም አንዱን የስኳር ክፍል ይቆርጥለትና ሳፖኒኑ ኃይል ያገኛል። እናቶች እንዶድን መውቀጣቸው እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሳፖኒኑ በሕዋስ ሽፋን ካለው ኮሌስትሮል ጋር ሲጣመር ሽፋኑ ይሸነቆራል፤ በውስጥ የተከማቸው ፖታሲየም ይፈስሳል፤ ሕዋሱም ይፈርሳል። በጤናማ የነርቭ ሕዋስ ፖታሲየም የሚወጣው በፕሮቲን በተሠራ ቦይ ነው። ከእነዚህ ቦዮች አንዳንዶቹ ከተከፈቱ በኋላ የፕሮቲኑ አንድ ጫፍ ከውስጥ መጥቶ እንደ ውታፍ ይደፍናቸዋል። እንዶድ የሚከፍተው ቀዳዳ ግን ውታፍ የለውም።

ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በአድዋ በተካሄደው ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ይሁን እንጂ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ውድ የሆነ የመርዛማነት ምርመራ ስለ ጠየቁ፣ እንዶድ በሰፊው ሳይሠራበት ብዙ ዓመታት አለፉ። የድኻ አገር ተመራማሪ ያገኘው ነገር ከመነሻው በጥርጣሬ እንደሚታይ ዶክተር አክሊሉ በግልጽ ከመናገር አልተቆጠቡም።

በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. ካረፉ በኋላም፣ እርሳቸው የመሠረቱት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋም በስማቸው ተሰይሟል። ለሙያ ባልደረቦች የተዉት ትምህርት፣ ምርምር በቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን በወንዝ ዳርና በገበያ መደብም እንደሚጀመር ነው።