የአቡነ ያዕቆብ ታሪክና የሐምሌ 23 በዓላቸው

በዚህች የዕድራችን ዓመታዊ መጽሔት ላይ አንድ ነገር ጻፍ ስባል ዘንድሮ የመረጥኩት የአንድ የውጭ አገር ተወላጅ ታሪክ ነው። ምክንያቱን ላስረዳ። ከአባሎቻችን መካከል ጥቂት የካቶሊክ ቤተሰቦች አሉ። አንደኛው ቤት ጎረቤቴ ነው። በየጠዋቱ ለዕለቱ የተመደበውን ምንባብ ከቀን መቁጠሪያ ላይ አይተው ከመጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡ እሰማለሁ። ሐምሌ 23 ቀን ደግሞ ቡና አፍልተው ጎረቤት ይጠራሉ። የማን በዓል እንደሆነ ሳልጠይቅ ስንት ዓመት ቡናቸውን ጠጣሁ!

የቤቱ አባወራ ሲያርፍ ግን ጸሎቱ የእኛ አይደለም ብለው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የቀሩ ነበሩ። እኔም አብሬ ቀርቻለሁ፤ አልደብቅም። ከዚያ ወዲህ ነው የበዓሉ ባለቤት ማን ናቸው ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት። ያገኘሁትን እነሆ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስ የተወለዱት ኦክቶበር 9 ቀን 1800 በደቡብ ኢጣልያ፣ ሳን ፌሌ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ልጅ ሳሉ ቤተሰባቸው ወደ ናፖሊ ሄደ። በ18 ዓመታቸው ላዛሪስት የሚባለውን የቅዱስ ቪንሴንት ደ ፖል ማኅበር ገቡ፤ በ1824 ብሪንዲዚ ላይ ቅስና ተቀበሉ። በ1836 እና በ1837 ናፖሊን ኮሌራ ሲፈጃት በሽተኛ ሲያስታምሙ ነበር።

በ1839 ወደ አገራችን ተልከው ዓድዋ ገቡ። ያን ጊዜ ትግራይን የሚገዙት ደጃዝማች ውቤ ነበሩ። ሰውየው እንደመጡ ስብከት አልጀመሩም። መጀመሪያ ቋንቋ ተማሩ፤ አማርኛም፣ ትግርኛም፣ ግዕዝም። ያገር መነኩሴ ልብስ ለበሱ፣ ያገሩን ምግብ በሉ፣ ያገሩን ጾም ጾሙ። ሕዝቡም ስማቸውን ወደ ራሱ አፍ አምጥቶ አባ ያዕቆብ አላቸው።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ ከግብፅ ለማስመጣት መልክተኞች ሲልኩ አባ ያዕቆብን አብረው እንዲሄዱ አደረጉ። ከካይሮ አቡነ ሰላማ ተሾሙ። ከመልክተኞቹ ከፊሉ ግን ከአባ ያዕቆብ ጋራ ሮማ ድረስ ዘልቀው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፤ በኢየሩሳሌም በኩልም ተመለሱ። ከተጓዦቹ አንዱ የጎጃሙ ተወላጅ፣ ሊቁ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። እሳቸውም በ1844 ካቶሊክ ሆኑ። ትምህርተ ሃይማኖት ሲያዘጋጁና ተማሪ ሲያስተምሩ የአባ ያዕቆብ ቀኝ እጅ እሳቸው ሆኑ። አዲግራት አጠገብ ጓላ ላይም ለካህናት የሚሆን ትምህርት ቤት ተከፈተ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አባ ያዕቆብ የራሳቸውን የላቲን ሥርዓት በሰው ላይ አልጫኑም፤ ቅዳሴው በግዕዝ እንዲሆን ነው የፈለጉት። ዛሬም በግዕዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ካቶሊኮች የዕለቱን ምንባብ የሚያወጡት እኛ ከምናውቀው ከግጻዌ ነው፤ ጳውሎሱ፣ የሐዋርያት መልእክቱ፣ ግብረ ሐዋርያቱ፣ ምስባኩ፣ ወንጌሉ። በላቲኑ ሥርዓት ደግሞ ከ1969 ወዲህ በወጣው መጽሐፍ የእሑዱ ምንባብ በ3 ዓመት፣ የአዘቦቱ በ2 ዓመት ይዞራል። ታዲያ የጎረቤቴ ቤት ምንባብ ለጆሮዬ ያን ያህል እንግዳ ነበረ እንዴ?

በጃንዋሪ 1849 ምጽዋ ላይ ሌላው ኢጣልያዊ አቡነ ማስያስ የጵጵስና ማዕረግ ቀቧቸው። ሹመቱን እምቢ ሲሉ ቆይተው በግድ ነው የተቀበሉት። ከዚያ በኋላ ስደቱ በረታ። በ1854፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የተባሉት ካሣ ጎንደርን በያዙበት ወቅት፣ አቡነ ያዕቆብም አባ ገብረ ሚካኤልም ታሰሩ። አቡኑን ከአገር አስወጧቸው፤ እሳቸው ግን ዞረው ወደ ባሕሩ ዳር ተመለሱ። አባ ገብረ ሚካኤል እንደታሰሩ ከሠራዊቱ ጋራ ሲንከራተቱ በ1855 አረፉ። አንድ አባት ያስተማረው ሲቀድመው ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ልጅ የቀበረ ያውቀዋል።

በ1860 አቡነ ያዕቆብ ንዳድ ይዟቸው ከምጽዋ ቆላ ወደ ሐላይ ደጋ ጉዞ ጀመሩ። መድረስ ግን አልሆነላቸውም። ጁላይ 31 ቀን በአሊገዴ ሸለቆ፣ ቤት በሌለበት፣ መሬት ላይ ጋደም እንዳሉ ተማሪዎቻቸው ከበዋቸው አረፉ። አስከሬናቸውን ያነሡት እነዚሁ ያገር ልጆች ናቸው፤ አካለ ጉዛይ ውስጥ ሔቦ ላይ ቀበሯቸው። እዚያ ዘመድ አልነበራቸውም፤ ቀባሪ ግን አላጡም። ይኸ ለእኛ ለዕድርተኞች ትልቅ ነገር አይደለም?

አባ ገብረ ሚካኤል በ1926 ብፁዕ ተባሉ። አቡነ ያዕቆብም በ1939 ብፁዕ፣ ኦክቶበር 26 ቀን 1975 በጳውሎስ 6ኛ ቅዱስ ተብለው ታወጁ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን በዓል አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው ባረፉበት ቀን ነው፤ ለሰማይ የተወለዱበት ቀን ነው ስለሚሉ። እንደኛ ሚካኤልና ጊዮርጊስ በየወሩ አይደለም፤ በዓመት አንዴ ነው። የአቡነ ያዕቆብ ዕለት ጁላይ 31 ግን ቀድሞ የቅዱስ ኢግናጥዮስ ስለነበረ የእሳቸው በዓል አንድ ቀን ወደፊት ተስቦ ጁላይ 30 ሆነ። ይኸውም በእኛ ሐምሌ 23 ነው፤ ያ የቡናው ቀን።

ወገኖቼ፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ጸሐፊ ነኝ፤ ትምህርቴም ከመጀመሪያ ደረጃ አላለፈም። ስለ ሃይማኖት ክርክር ለመፍረድ አልበቃም፤ የየራሳችንን እንያዝ። ነገር ግን የዕድራችን መዝገብ ላይ የሟች ስምና ቀን እንጂ የቅዳሴው ዓይነት አይጻፍም። ባለፈው ሐምሌ 23 ወደ ጎረቤቴ ቤት ገብቼ፣ የዕለቱ ምንባብ እስኪያልቅ ቆሜ ሰማሁ። ከዚያም ለባልቴቲቱ፣ በባለቤታቸው ቀብር ዕለት ደጅ ስለመቅረቴ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ቡናውን ቀዱልኝ። ለወደፊቱ የማናቸውም አባል ቀብር ሲሆን ደጅ የሚቀር እንዳይኖር በማክበር አሳስባለሁ።