የጥላ ቤት ሠሪው ፓውል ሌኒ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ገጠር፣ ከመሸ በኋላ ሰው የለቀቀው ቤት ደጃፍ ማን ያልፋል? የኩራዝ ጥላ ግድግዳ ላይ ሲወዛወዝ ያልደነገጥንም የለንም። የሲኒማም ጥላ እንዲሁ ያስፈራ ነበር፤ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት እንኳ «ሰይጣን ቤት» ይባል ነበር።

ይህን ፍርሃት በሥራው ከገለጹት አንዱ ጀርመናዊው ፓውል ሌኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1885 በሽቱትጋርት ተወለደ። ሠዓሊ ነበር፤ በርሊን ውስጥ የቲያትር መድረክና የፊልም ቤቶችን ገጽታ ይነድፍ ነበር። አሜሪካ ተሻግሮም እ.ኤ.አ. በ1927 «ድመቷና ካናሪዋ» የተባለውን ድምፅ አልባ ፊልም አዘጋጀ። ታሪኩ በአንድ አሮጌ ቤት ውስጥ የሚካሄድ የውርስ ጉዳይ ነው። ቀለም የለ፣ ንግግር የለ፤ ያለው ጥቁርና ነጭ ብቻ። ረጅም ኮሪደር፣ በነፋስ የሚውለበለቡ ነጭ መጋረጃዎች፣ ከግድግዳ የሚወጣ እጅ፤ ካሜራውም እንደ ሌባ ቀስ እያለ ይሄዳል። በጨለማ የተሸፈነውን ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል። በመጨረሻ ግን መንፈስ የሚባል የለም፤ ያለው ውርስ የቋመጠ ዘመድ ነው።

ሌኒ የጥርሱ ሕመም ደሙን መርዞት እ.ኤ.አ. በ1929 በ44 ዓመቱ ሞተ።

ነገ ገጠር የምንመደበው እኛ ነን። ቤቱ ሰይጣን አለበት የሚል ተማሪ ሲገጥመን አንሳቅበት። ኩራዝ ለኩሰን እጃችንን ወደ እሳቱ እናስጠጋና ጥላው እንዴት እንደሚገዝፍ እናሳየው።